ድንኳኑ ተከትሎን ይሂድ!

(ይህ ጽሑፍ በእንጦጦ ግርጌ፣ የካ ክፍለ ከተማ ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ የሚገኝ አንድ የሰፈር እድር በጠራው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የእድሩ ነባር አባል የሆኑ አንድ ጡረተኛ መምህር ያደረጉት ንግግር ነው። ስማቸው እንዳይወጣ ስለ ጠየቁ ፍላጎታቸውን አክብረናል። ዝግጅት ክፍሉ)



ጉልበቴ እንደ ድሮው ስላልሆነ ተቀምጬ እንድናገር ይፈቀድልኝ። ቆሞ የሚናገር ሰው ደግሞ ካድሬ ይመስላል፤ እናንተም እኔም ካድሬ ጠግበናል።

ጸሐፊያችን ያነበቡትን አጀንዳ ሰምታችኋል። «ከሰፈር የለቀቁ አባላትን ከመዝገብ ስለ መሰረዝ» ይላል። ደንቡም አለ። አባል ከሰፈሩ በለቀቀ በሦስት ወሩ ይሰረዛል። ለመሆኑ ይህን ደንብ ማን ጻፈው? እኔ ነኝ! በ1974 ዓ.ም በእጄ ጽፌ፣ በካርቦን ሦስት ቅጂ አውጥቼ ያስፈረምኩት እኔው ነኝ። እነሆ ዛሬ የገዛ ጽሑፌን ልቃወም ተቀምጫለሁ።

ለምን እንደዚያ ጻፍን? ያኔ ከሰፈር የሚለቅ ሰው አልነበረማ! ቦታው የመንግሥት፣ ትርፍ ቤቱ የመንግሥት። የቀበሌ ቤት የያዘ ሰው እንደያዘ ያረጃል፣ ልጆቹም እዚያው ይቀጥላሉ። የሚወጣው ወይ የተዳረች ልጅ፣ ወይ በሥራ የተዛወረ፣ ወይ የዘመተ ነው። ስለዚህ «የለቀቀ» ስንል በገዛ ፈቃዱ የሄደውን ማለታችን ነበር። ተነሥ ተብሎ የሚሄድ ሰው ይመጣል ብለን አላሰብንም። የደንቡ ጉድለት ይኸው ነው፤ ጥፋቱም የእኔ።

አሁን ወደ ኋላ ልመልሳችሁ ነው። አስተማሪ ስለሆንኩ ታገሡኝ።

ይህ ከራሳችን በላይ ያለው ተራራ የአዲስ አበባ እናት ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ከታች ወደ ፍልውሃ ሳይወርዱ በፊት ከተማቸው እዚህ እንጦጦ ላይ ነበር። በ1882 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑትም እዚሁ እንጦጦ ማርያም ነው። ከተማዋ ከወረደች በኋላ ግን እንጨት አለቀ። ለማገዶ፣ ለቤት መሥሪያ ተብሎ ዙሪያው ተራቆተ። ንጉሡም ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው እዚያ ግንባታ እስከማስጀመር ደርሰው ነበር። አዲስ አበባን ያተረፋት ከውጭ መጥቶ የተተከለው ባሕር ዛፍ ነው። እንግዲህ አስቡት! ባሕር ዛፍ ባይኖር ኖሮ ይህች ከተማ ራሷ «ተነሺ» ትሆን ነበር።

ቤቶቻችንም የዚያው ዛፍ ልጆች ናቸው። ቋሚው ባሕር ዛፍ፣ ማገሩ ባሕር ዛፍ፣ ወራጁ ባሕር ዛፍ። ጭቃው የዚሁ ተራራ አፈር፤ ጭዱን ከላይ ያሉት ገበሬዎች ይሸጡልን ነበር። አባቴ ከመንዝ በእግሩ መጥቶ ጭቃ በማቡካት ነው ኑሮ የጀመረው። እናቴ እንጨት ተሸክማለች። ከንጋቱ በፊት ወጥታ ከተራራው ቅጠልና ጭራሮ ለቅማ፣ ወገቧ እስኪጎብጥ አስራ ትወርድ ነበር። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ እዚህ ከተቀመጥነው ውስጥ እናቱ ያልተሸከመች ስንቱ ነው? ጥበቃው ሲይዛት የሚወስድባት እንጨቱን ብቻ ሳይሆን ገመዱንም ጭምር ነበር። እንጨቱ ነገ ይገኛል፤ ለገመዱ ግን ታለቅስ ነበር።

ዛሬ ያ ተራራ ፓርክ ሆኗል። በ2013 ዓ.ም መጀመሪያ ተመርቆ ተከፈተ። የፈረስ ግልቢያ አለ፣ በሽቦ ተንጠልጥሎ መንሸራተት አለ፣ ቡና ቤት አለ። ሐሰት አልናገርም፤ ያማረ ነው። ሲሸከሙ ከነበሩት እናቶችም ሥራ ያገኙ እንዳሉ በወቅቱ ተነግሯል፤ ያገኙትን እግዚአብሔር ያቆይላቸው። እኔም የልጅ ልጄን ይዤ ወጥቻለሁ። ልጁ «አያቴ፣ እዚህ መጥተህ ታውቃለህ?» ብሎ ጠየቀኝ። ምን ልበለው? እናቴ እንጨት አስራ የምታርፍበት ድንጋይ የት እንደነበር ፈልጌ አጣሁት።

ፓርኩ ሲያምር ግን መንገዱ ያምራል፤ መንገዱ ሲያምር ቦታው ይወደዳል፤ ቦታው ሲወደድ የእኛ ጭቃ ቤት ዓይን ውስጥ ይገባል። ይህ የማንም ክፋት ሳይሆን የመሬት ጠባይ ነው። መሬት በሊዝ መሰጠት የጀመረው በ1986 ዓ.ም በወጣው አዋጅ ቁጥር 80 ነው፤ ከዚያ በ1994 ዓ.ም፣ ከዚያም በ2004 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 721 ተለዋወጠ። በሊዝ ዓይን ሲታይ እኛ የተቀመጥንበት መሬት እንጂ በላዩ ያለነው እኛ ዋጋ የለንም። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ሕዝብ የሚባለው ማን እንደሆነ ግን ግሬደሩ ሲመጣ ነው የሚታወቀው!

በ2016 ዓ.ም የኮሪደር ልማት ሲጀመር ፒያሳ ፈረሰች። በ2017 መጀመሪያ ካዛንቺስ ተከተለች፤ የካዛንቺስ ሰው ገላን ጉራ ገባ። ከዚሁ ከእንጦጦ የሚወርደው የቀበና ወንዝ ዳር ደግሞ ልማት ተብሎ ተነሣ። ከእኛም እድር የሄዱትን ታውቋቸዋላችሁ፤ ስማቸውን አልጠራም፤ መዝገቡ ላይ አለ። ገሚሱ ኮንዶሚኒየም ደርሶት በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሽንት ቤቱን ከስድስት ቤተሰብ ጋር መጋራት አቁሟል። ይህን የሚንቅ ሰው በዝናብ ሌሊት ተሰልፎ አያውቅም ማለት ነው። ገሚሱ ደግሞ ጉሊቷን፣ ደንበኛዋን፣ የልጇን ትምህርት ቤት ጥላ ሄዳለች። አንዲት እናት ደውላልኝ፣ «ጋሼ፣ ቤቱስ ደህና ነው፤ ግን ብሞት ማን ያውቅልኛል?» አለችኝ። እኔ ዛሬ እዚህ የመጣሁት ለዚች ጥያቄ ነው።

ደግሞ እርስ በርሳችን ያለውን ነገር ሳንናገር ብንበተን ውሸት ይሆናል። ባለፈው ስብሰባ በኪራይ ጉዳይ ተጯጩኸን ተለያይተናል። እዚህ ድንኳን ሥር አንድ ዓይነት ሰው የለም። ካርታ ያለው ባለይዞታ አለ። የቀበሌ ቤት ነዋሪ አለ። በቀበሌ ቤት ውስጥ በደባልነት የሚኖር አለ። ወደ ላይ ወደ ጋራው የጨረቃ ቤት የሠራ አለ። በባለይዞታው ሰርቪስ የተከራየም አለ። ተነሡ ሲባል እነዚህ ሁሉ እኩል አይነሡም። ባለይዞታው ካሳና ምትክ ይጠይቃል። የቀበሌው ምትክ ኪራይ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም ይጠብቃል። ባለ ጨረቃ ቤቱ «በ1988ቱ የአየር ካርታ ላይ ትታያለህ? ከ1997 በፊት ነበርክ?» ይባላል። ደባሉስ? ውሉ ላይ ስሙ የለም። ሃያ ዓመት የእድር መዋጮውን ሳያጓድል የከፈለ ሰው ከእኛ መዝገብ በቀር በየትም ወረቀት ላይ ላይኖር ይችላል። ያንን ወረቀት ነው አሁን እንሰርዝ የምትሉኝ።

ስለ ኪራዩ ደግሞ እውነቱን እንነጋገር። በ2016 ዓ.ም የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 1320 ወጥቷል። ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ጭማሪም በዓመት አንዴ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው ልክ እንዲሆን ይላል። ተከራዮች «ሕጉ ከእኛ ጋር ነው» ትላላችሁ። አከራዮች «ዘይቱም፣ ጤፉም ሲጨምር የእኛ ቤት ብቻ ለምን ይታሰራል? ጡረታችን አንድ ሳምንት አይዘልቅም» ትላላችሁ። ሁለታችሁም አልዋሻችሁም። ዳሩ ግን በወረቀቱ ላይ አንድ ዋጋ፣ በእጅ ሌላ ዋጋ የሚቀባበል በመካከላችን የለም የሚል ካለ እጁን ያውጣ። (ሳቅ) ምንም እጅ አላይም።

እኔ በሁለቱም በኩል ቆሜ አይቻለሁ። አባቴ ጭቃ እያቦካ ባጠራቀማት ገንዘብ ከዚህኛዋ ቤታችን ሌላ አጥር ተሻግራ አንዲት ቤት ሠርቶ ያከራይ ነበር። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም አዋጅ ቁጥር 47 ታወጀ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ ቤት፤ ትርፉ የመንግሥት። ከመቶ ብር በታች የሚከራየው ወደ ቀበሌ ሄደ፤ ሁለተኛዋ ቤታችንም አብራ ሄደች። ተከራያችን የቀበሌ ነዋሪ ሆነ፤ ኪራዩም ረከሰለት። አባቴ ለዚያ ሰው ሃያ ዓመት ሙሉ ሰላምታ አልሰጠውም። እዚያው ደጅ ለደጅ! ሰውየው ግን አዋጁን አላወጣ፣ አልጠየቀ። እናቴ ስታርፍ ቃሬዛዋን ከያዙት ሁለቱ የእነዚያ ተከራዮች ልጆች ነበሩ። ያን ቀን አባቴ ከድንኳኑ ወጥቶ ሄዶ የሰውየውን እጅ ያዘ። ምን እንደተባባሉ አላውቅም። ከዚያ በኋላ ግን በየእሑዱ ቡና አብረው ይጠጡ ነበር። ሃያ ዓመት የባከነው በቤት ነገር ነው።

ስለ ወጣቶቹም አንድ ነገር ልበል፤ ምክንያቱም «ከገጠር የመጡት ሰፈራችንን አጣበቡት» የሚል ወሬ እሰማለሁ። አባቴም ከገጠር ነው የመጣው፤ የአብዛኞቻችሁም እንደዚያው። በጎጃም፣ በጎንደር፣ በወሎ ቤት ማለት መጀመሪያ መሬት ማለት ነው። በአማራ ክልል በ1989 ዓ.ም መሬት ሲደለደል ያኔ ጎጆ ያልወጣ፣ ያልተወለደም ልጅ ምን ይደርሰዋል? የአባቱ ማሳ ለወንድማማቾች ተቆራርሶ ተቆራርሶ ቤት መሥሪያ እንኳ አልተረፈም። መሸጥ መለወጥ አይቻልም፤ ያለው ይዞት ይኖራል፣ የሌለው ይሰደዳል። ያው እኛ ከተማ ውስጥ ስለ ቀበሌ ቤት የምንጨቃጨቀውን እዚያ ስለ ጎጆ መውጫ ይጨቃጨቁበታል። በ2015 ዓ.ም ማብቂያ ደግሞ ጦርነቱ ተጨመረ። ልጁ መጥቶ በአንድ ክፍል ለአምስት ይተኛል፤ ቀን ቀን የምትፈርሰውን ቤት ቆርቆሮ ያወርዳል፣ አዲሱን ፎቅ ብሎኬት ይሸከማል። እርሱን ወደ እድር ለመጋበዝ ያሰበ አለ? እኔም አላሰብኩም ነበር፤ አፈርኩ።

ኮንዶሚኒየም ይደርሰናል ብላችሁ የምትጠብቁትንም ላስታውስ። በ1997 የተመዘገበው፣ በ2005 በአዲስ መልክ የተመዘገበው ስንቱ ነው ዛሬም የቁጠባ ደብተሩን የያዘው! በሐምሌ 2014 ዓ.ም የወጣው ዕጣ መረጃው ተነካክቷል ተብሎ ተሰርዞ በኅዳር 2015 እንደገና ወጣ። ቆጥቡ፣ አትተዉ። ግን ላም አለኝ በሰማይ እያልን ያለንን እንዳንጥል።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህ ነው። ያ እኔ የጻፍኩት አንቀጽ ይቀየር። በልማት የተነሣ አባል መዋጮውን እስከከፈለ ድረስ የትም ቢገባ አባል ይሁን። መዋጮው በቴሌብር ይላክ፤ ወጣቶቹ ለገንዘብ ያዣችን ያሳዩአቸዋል፤ አያስቸግርም። ሞት ሲደርስ ድንኳኑ፣ ወንበሩና ድስቱ በአይሱዙ ተጭኖ ገላን ጉራም ይሂድ፣ አራብሳም ይሂድ። የአይሱዙውን ኪራይ ከተቀማጩ እንክፈል። «ተቀማጩ ያልቃል» የሚል ይኖራል። ተቀማጩ እኮ ለቅሶ ለመድረስ የተዋጣ ነው፤ ለጌጥ አይደለም!

ደባልና የሰርቪስ ተከራይ በራሱ ስም በመዝገቡ ይግባ። መቼ እንደ መጣ፣ በየትኛው ግቢ እንደኖረ ተጽፎ ማኅተም ይመታበት። ይህ መብት ይሰጠዋል አልልም፤ ግን አንድ ቀን «ማን ያውቅሃል?» ሲባል የሚያሳየው ይኖረዋል። አከራዮች ደግሞ ሐዘን ያለበትን ተከራይ አርባው ሳይወጣ ላለማስወጣት ቃል ግቡ። ሕግ አይደለም፤ ቃል ነው። እኔ ገብቻለሁ፤ በእኔም ግቢ ሁለት ተከራዮች አሉ።

የመጨረሻው፦ ሦስት ሰው እንምረጥና በ2011 ዓ.ም የወጣውን የካሳና የተነሺዎች አዋጅ ቁጥር 1161ን፣ በ2016 ከወጣው ማሻሻያ ጋር አግኝተው ያንብቡልን። በ2011 ሲወጣ ተነሺውን ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ማማከርን ያዛል፤ ማሻሻያው ምን እንደነካ ደግሞ ይመልከቱ። ሰው መጥቶ ቀይ ቀለም በግድግዳችሁ ላይ ሲቀባ መጮህ ብቻ አይበቃም፤ ስንት ቀን እንዳላችሁ፣ ቅሬታ የት እንደሚገባ ማወቅ ይሻላል። ሦስተኛው ሰው ወጣት ይሁን፤ እኛ ሁለቱ ሽማግሌዎች መነጽር እንፈልጋለን።

ድምፅ ከመስጠታችን በፊት ገንዘብ ያዣችን ሒሳቡን ያሰሙን። ልጆች፣ እናንተ ደግሞ ስንጨርስ ድንኳኑን አውጥታችሁ ፀሐይ ላይ ዘርጉት፤ ባለፈው ሳይደርቅ ነው የታጠፈው።