ውሻ ይዞ ፒያሳ መውጣት
ከምኒልክ አደባባይ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ውሻ ይዞ የወረደ ሰው ጉተታውን ክንዱ ያውቀዋል። የአንገት ማሰሪያ በዚያ ቁልቁለት የውሻውን ጉሮሮ ያንቃል፤ በደረትና በትከሻ የሚታሰረው ይሻላል። የአንገቱ ብቻ ካላችሁ፣ ሁለት ጣት የሚያስገባ ይሁን፤ ከላላ ውሻው በጭንቅላቱ ሾልኮ መኪና መሀል ይገባል። ሽቦና ሲባጎ ግን እባካችሁ ይቅሩ፤ ቆዳ ይቆርጣሉ።

የመንደር ውሾች ሲመጡ ገመዱን አሳጥሩ፣ አትሩጡ።

ከሁሉ በፊት ውሻችሁን አስከትቡ። ጉለሌ ያለው ፓስተር ሰፈር በስሙ የሚጠራው ሉዊ ፓስተር፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትን ለሰው የሰጠው በ1885 እ.ኤ.አ. ነው። በሽታው ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይጠብ፣ ከዚያም ሳያድር ጤና ጣቢያ ይሂድ።