መሣሪያውና ባለሙያዋ፤ የጁን አልሜይዳ የምርምር ሕይወት



አንድ መሣሪያ ምንም ያህል የረቀቀ ቢሆን ብቻውን አንዳች ነገር አያሳይም። ናሙናውን የሚያሰናዳ እጅና የታየውን ለይቶ የሚያውቅ ዐይን ያስፈልገዋል። ይህ ለመሐንዲስ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የቅየሳ መሣሪያ በደንብ ካልተተከለ የሚሰጠው ቁጥር ዋጋ እንደሌለው ሁሉም ያውቃል። ይህንኑ እውነት በቫይረስ ምርምር ታሪክ ውስጥ አጉልቶ የሚያሳየው የጁን አልሜይዳ ሕይወት ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸው በቅድሚያ ይታወቅ።

ጁን ሃርት በ1930 በስኮትላንድ፣ በግላስጎ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የአውቶቡስ ሾፌር ነበሩ። በትምህርታቸው ብርቱ ቢሆኑም ለዩኒቨርሲቲ የሚበቃ ገንዘብ በቤተሰቡ ዘንድ ስላልነበረ፣ በ16 ዓመታቸው ትምህርት ቤቱን ትተው በከተማው ሆስፒታል በቤተ ሙከራ ሠራተኛነት ተቀጠሩ። ክፍሉ ከሕሙማን አካል የተወሰደ ናሙና በማይክሮስኮፕ የሚመረመርበት ነበርና፣ ለዐይን የማይታየውን ነገር ለዕይታ የማሰናዳትን ሙያ የጀመሩት ከዚያ ነው። ቀጥሎም በለንደን ሆስፒታል ሠሩ፤ በ1954 ኤንሪኬ አልሜይዳ የተባሉትን የቬኔዝዌላ ሠዓሊ አገቡ፤ ከዚያም ወደ ካናዳ ተሻግረው በቶሮንቶ በኦንታሪዮ የካንሰር ኢንስቲትዩት የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ባለሙያ ሆኑ።

ከዚህ ላይ ስለ መሣሪያው ጥቂት መግለጽ ተገቢ ነው። በብርሃን የሚሠራው ማይክሮስኮፕ በብርሃን ሞገድ ርዝመት ስለሚገደብ፣ ከ200 ናኖሜትር ገደማ በታች ተቀራርበው ያሉትን ሁለት ነጥቦች ለይቶ ማሳየት አይችልም። አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ መሆኑ ይታወሳል። አብዛኞቹ ቫይረሶች ደግሞ ከዚህ ወሰን በታች ናቸው። በብርሃን ፈንታ የኤሌክትሮን ጨረር፣ በመስተዋት ሌንስ ፈንታ የማግኔት ሌንስ የሚጠቀመውን መሣሪያ ማክስ ክኖልና ኤርንስት ሩስካ በ1931 በበርሊን ሠሩ። ይሁን እንጂ ችግሩ በዚህ አላበቃም። የቫይረስ አካል የተገነባባቸው ቀላል አተሞች የኤሌክትሮኑን ጨረር እምብዛም ስለማያግዱ ምስሉ ፈዛዛ ይሆናል። የጎደለው የማጉላት ኃይል ሳይሆን የጥላና የብርሃን ልዩነት ነበር።

ለዚህ መፍትሔ የሆነውን ዘዴ ሲድኒ ብሬነርና ሮበርት ሆርን በ1959 አስተዋወቁ። ቫይረሱ ያለበት ፈሳሽ ተንግስተን ከሚባለው ከባድ ብረት ከተገኘ ውሁድ ጋር ይቀላቀልና በቀጭን ገጽ ላይ እንዲደርቅ ይደረጋል። ከባዱ ብረት በቅንጣቱ ዙሪያና በስንጥቆቹ ውስጥ ገብቶ ጨረሩን ሲያግድ፣ ቅንጣቱ ራሱ በጥቁር መደብ ላይ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ነገሩ በአጭሩ ሲገለጽ፣ ዕቃውን በመቀባት ፈንታ ዙሪያውን መቀባት ማለት ነው።

አልሜይዳ ይህን ዘዴ እስከ ወሰኑ ድረስ ገፉት። በተጨማሪም በ1963 ከቶሮንቶ ባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት ጽሑፍ፣ የሰውነት መከላከያ የሆኑት ፀረ እንግዳ አካላት ከቫይረስ ጋር ተጣብቀው የሚታዩበትን ምስል አቀረቡ። የዚህ ጥቅም ሁለት ነው። በአንድ በኩል፣ በፈሳሹ ውስጥ ተበታትነው የሚገኙት ጥቂት ቅንጣቶች በፀረ እንግዳ አካላቱ ተያይዘው ስለሚከማቹ በቀላሉ ይገኛሉ። በሌላ በኩል፣ ፀረ እንግዳ አካሉ የሚይዘው የራሱን ቫይረስ ብቻ ስለሆነ፣ የታየው ነገር ማንነት በዚያው ይረጋገጣል። በዚህ ጊዜ ሁሉ ሴትዮዋ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ አልነበራቸውም።

በ1964 ፕሮፌሰር ዋተርሰን የተባሉ የቫይረስ ሊቅ አልሜይዳን በለንደን ወደሚገኘው የሴንት ቶማስ ሆስፒታል የሕክምና ትምህርት ቤት አመጧቸው። በዚሁ ዘመን በሶልዝበሪ አጠገብ፣ ዴቪድ ታይረል የሚመሩት አንድ የምርምር ክፍል የተለመደውን ጉንፋን ያጠና ነበር። ክፍሉ ከአንድ የአዳሪ ትምህርት ቤት ተማሪ የተወሰደ፣ ቢ814 የሚል ቁጥር የተሰጠው ናሙና ነበረው። ናሙናው በበጎ ፈቃደኞች አፍንጫ ሲጨመር ጉንፋን ያስይዛል፤ በተለመደው የሕዋስ ማሳደጊያ ግን አይበቅልም። ታይረልና ባይኖ ከሰው የአየር ቧንቧ በተወሰደ ኅብረ ሕዋስ ላይ ማሳደግ እንደቻሉ በ1965 አስታወቁ። ሆኖም ቫይረሱ ምን ዓይነት እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ለማየት ቫይረሱ በብዛት መከማቸትና መጣራት አለበት የሚለው እምነት የጸና ስለነበር፣ ታይረል ናሙናውን ወደ ለንደን የላኩት ብዙ ተስፋ ሳይኖራቸው ነው።

አልሜይዳ ግን ቅንጣቶቹን አገኟቸው፤ አገኟቸው ብቻ ሳይሆን ዐወቋቸው። ቀደም ሲል የዶሮ የሳንባ ቧንቧ በሽታንና የአይጥ የጉበት በሽታን ከሚያመጡ ቫይረሶች ይህንኑ የመሰለ ቅርጽ ተመልክተው ነበር። ማየት ማመን ነው ቢባልም፣ እርሳቸው ያዩትን ሌሎች አላመኑም። ታይረል በኋላ እንዳስታወሱት፣ አልሜይዳ ስለዚያ የጻፉትን ጽሑፍ ገምጋሚዎች ሳይቀበሉት ቀርተዋል፤ ምክንያታቸውም ምስሎቹ የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ መጥፎ ፎቶግራፎች ናቸው የሚል ነበር። ገምጋሚዎቹ አዲሱን ነገር በሚያውቁት ነገር መዘኑት፤ ልዩነቱንም የመሣሪያው ወይም የእጁ ጉድለት አደረጉት። አልሜይዳ ግን ምስሎቹን አልጣሏቸውም። የሰው ናሙና በመጣ ጊዜ ለማነጻጸር የበቁት ስላላጣሏቸው ነው።

የአልሜይዳና የታይረል ጽሑፍ በ1967 ታተመ። በቅንጣቱ ዙሪያ የሚታየው የጉጦች ክብ በፀሐይ ዙሪያ የሚታየውን የብርሃን አክሊል ስለሚመስል፣ ቡድኑ በላቲን ቋንቋ አክሊል ወይም ዘውድ ማለት የሆነውን «ኮሮና» የሚለውን ስም መረጠ። በኅዳር 1968 አልሜይዳና ታይረል የሚገኙባቸው ስምንት ተመራማሪዎች ስሙን «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ለዓለም አቀረቡ።

ይህ መንገድ የኮሮና ቫይረሶች ብቻ አይደለም። በ1969 ፍሬድሪክ መርፊና ባልደረቦቻቸው በቦሊቪያ ሰው የሚገድለውን ማቹፖ የተባለ ቫይረስ፣ በቤት አይጥ ከሚገኘውና የአንጎል ሽፋንን ከሚያሳምመው ቫይረስ ጋር በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አነጻጸሩ። በሁለቱም ቅንጣቶች ውስጥ አሸዋ የመሰሉ ጥቃቅን ፍሬዎች ታዩ። ፍሬዎቹ ቫይረሱ ከወጣበት ሕዋስ ይዟቸው የሚሄዳቸው ሪቦዞሞች ናቸው። በላቲን አሸዋ ማለት ከሆነው ቃልም የአሬና ቫይረሶች ስም ወጣ። በ1969 በናይጄሪያ የታወቀው የላሳ ቫይረስም ብዙም ሳይቆይ በዚሁ ወገን ተመደበ። ስለዚህ ዛሬ ሐኪም ሁሉ የሚጠራቸው ሁለት የቫይረስ ቤተሰቦች፣ አንዱ ከዘውድ፣ ሌላው ከአሸዋ፣ ስማቸውን ያገኙት በመሣሪያ ሥር ከታየ ቅርጽ ነው።

አልሜይዳ በ1967 የኩፍኝ ዓይነት ሽፍታ የሚያመጣውንና ለፅንስ እጅግ አደገኛ የሆነውን የሩቤላ ቫይረስ ምስል ከባልደረቦቻቸው ጋር አሳተሙ። በ1971 ደግሞ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ውጫዊና ውስጣዊ ክፍሎች የየራሳቸው ፀረ እንግዳ አካል እንዳላቸው አሳዩ። አሜሪካዊው አልበርት ካፒኪያን ዘዴውን ከእርሳቸው ተምረው በ1972 ተቅማጥና ትውከት የሚያስከትለውን የኖርዎክ ቫይረስ አገኙበት። በመጨረሻም ዩኒቨርሲቲ ያልገቡት ሴት ባሳተሟቸው ሥራዎች ብርታት የሳይንስ ዶክተርነት ማዕረግ ተሰጣቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላ ዮጋ ያስተምሩና የጥንት ዕቃ ይነግዱ ነበር፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ ግን በአማካሪነት ተመልሰው የኤችአይቪን ምስል በማውጣት ሥራ ረድተዋል። በታኅሣሥ ወር 2007 በ77 ዓመታቸው ዐረፉ።

የሥራቸው ፍሬ በሕይወት ሳሉም ታይቷል። በ2003 ሳርስ የተባለው በሽታ ምንነቱ ሳይታወቅ ከአገር ወደ አገር ሲዛመት፣ አትላንታ የሚገኙ ተመራማሪዎች በሕዋስ ያደጉትን ቅንጣቶች በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመለከቱ ያንኑ የዘውድ ቅርጽ አገኙ፤ የበሽታው ወገን በዚህ ተጠቆመ። በ2020 መጀመሪያ የቻይና ተመራማሪዎች ስለ አዲሱ ቫይረስ ባቀረቡት ዘገባም ይኸው ቅርጽ ነበር። በዚያው ዓመት በመጋቢት በሽታው አዲስ አበባ በገባ ጊዜ፣ «ኮሮና» የሚለው ቃል በአገራችን የየቤቱ ቃል ሆነ። ቃሉ ከአንዲት የግላስጎ የቤተ ሙከራ ሠራተኛ ምስል የመጣ መሆኑን የሚያውቁ ግን ጥቂቶች ነበሩ።

የተከበራችሁ አባላት፤ ይህ ታሪክ ለምሕንድስና ማኅበር የቀረበበት ምክንያት ግልጽ ነው። በየሥራ ቦታው፣ በአፈር መመርመሪያውም ሆነ በኃይል ማመንጫው፣ መሣሪያውን በእጁ ይዞ የሚውል ባለሙያ አለ። ይህ ሰው ከተለመደው የተለየ ንባብ ይዞ ሲመጣ፣ «መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆናል» ወይም «አጠቃቀሙን አላወቅህም» የሚለው መልስ ቶሎ ይቀናል። አንዳንድ ጊዜ መልሱ ትክክል ነው። ይሁን እንጂ ትክክል መሆኑ የሚታወቀው ንባቡ ተደግሞ ሲመረመር እንጂ የባለሙያው የምስክር ወረቀት ሲታይ አይደለም። የተጣለው ጽሑፍ ቢያንስ ምስሎቹ ተቀምጠውለት ነበር፤ በየመዝገቡ «ስሕተት» ተብሎ ለተሰረዘው ቁጥር ግን ሁልጊዜ እንዲህ ያለ ዕድል አይገጥመውም።