ወደ መዶሻው የሚመለስ እጅ

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)







በእንዲህ ያለ በዓል ላይ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ገበያ ትስስር ብዙ ይነገራል። ሊነገርም ይገባል። ዛሬ የሚነሳው ጉዳይ ግን ከሦስቱም ቀድሞ አርሶ አደሩ እጅ የሚገባ፣ ነገር ግን በግብዓት ሪፖርት ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይጠቀስ ግብዓት ነው። እሱም ብረት ነው። ከብረቱም ጋር ብረቱን የሚሠራው ሰው ነው።

ብረት ከዘር በፊት

በሬ ያለው አርሶ አደር ሞፈሩን፣ ቀንበሩን፣ ድግሩንና ዕርፉን ከእንጨት ጠርቦ ራሱ ሊያበጅ ይችላል። ማረሻውንና ወገሉን ግን ብረት ሠሪ ካልሠራለት በሬዎቹ ቆመው ይውላሉ። በሬ የሌለው ደግሞ ኑሮው በዶማ፣ በመኮትኮቻና በማጭድ ላይ ነው።

በዚህ ክልል ሁለቱም ፍላጎቶች ጎን ለጎን ይኖራሉ። በርታና ጉሙዝ ከጥንት ጀምሮ መሬቱን በእጅ መሣሪያ ሲያለሙ ኖረዋል። ከ1977ቱ ድርቅ ጋር ተያይዞ ከወሎና ከሌሎች አካባቢዎች ወደ አሶሳና ወደ ፓዌ የመጡት ሰፋሪዎች የበሬ እርሻ ልማዳቸውን ይዘው መጡ። ይሁንና በቆላው የቆላ ዝንብ የሚያስተላልፈው የገንዲ በሽታ በሬውን ሲያጠቃ፣ አራሹም ቢሆን ተመልሶ ዶማ መጨበጡ አይቀርም። ማሽላው፣ በቆሎው፣ ሰሊጡ፣ ለውዙና አኩሪ አተሩ ሁሉ በብረት ተዘርቶ፣ በብረት ታርሞ፣ በብረት ይታጨዳል።

ስለት የሌለው ዶማ አረሙን ይጋፋዋል እንጂ አይነቅለውም። በአረም ወቅት አንድ ቀን የባከነበት አርሶ አደር ያን ቀን መልሶ አያገኘውም። ስለዚህ በቅርብ ርቀት ላይ ማረሻ የሚስል፣ ዶማ የሚያድስ፣ የተሰበረ ማጭድ የሚቀጥል ሰው መኖሩና አለመኖሩ የምርት ጉዳይ ነው።

በሙያው ላይ የተለጠፈው ስም

ታዲያ ይህን ያህል የሚያስፈልግ ሰው ለምን ጠፋ? ብዙዎች ከውጭ የሚገባው ርካሽ ዶማ አሸንፎት ነው ይላሉ። ይህ ከምክንያቶቹ አንዱ ነው። ነገር ግን የውጭው ዶማ ከመምጣቱ ብዙ ዘመን በፊት ብረት ሠሪውን የሚያርቅ ነገር ነበረ። እሱም ስድብ ነው።

ብረት የሚሠራ ሰው ጠይብ፣ ቀጥቃጭ፣ ቡዳ ሲባል ኖሯል። በቀን ማረሻውን ያሠራ ሰው ማታ ልጆቹን «ዓይኑ እንዳያርፍባችሁ» ብሎ ከዚያው ሰው ይሸሽጋል። ሌሊት ጅብ ይሆናል ተብሎም ተወርቷል። ጋብቻው ከሙያ ዘመዱ ውጭ አልሄደለትም፤ በብዙ አካባቢም የርስት መሬት አልነበረውም። ይህ በአንድ ሕዝብ ብቻ የታየ አይደለም። በኦሮሞ ዘንድ ቱምቱ የሚባለው ብረት ሠሪም፣ በሌሎች አካባቢዎች ያሉ ባለ እጆችም ተመሳሳይ ዕጣ ነበራቸው። ከብረት ሠሪው ጎን ሸክላ የምትሠራው ሚስቱም ስሙን ተጋርታ ኖራለች።

አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ባለ እጅን በሙያው መስደብን ከልክለዋል፤ ሰዳቢውንም እንደሚቀጡ አስታውቀዋል። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ስድቡ ግን በየመንደሩ እስካሁን ይሰማል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ በሙያው ምክንያት መሬት ያልነበረውን ሰው ባለ መሬት እንዲሆን መንገድ ከፈተለት። ይህ ትልቅ ፍትሕ ነበር። በዚያው ልክ ግን መሬት ያገኘ ብረት ሠሪ ከስሙ ለመሸሽ ሲል ወናፉን ሰቅሎ ገበሬ ብቻ ቢሆን ማን ይፈርድበታል?

ሙያተኛ ሲሄድ ምን እንደሚሆን ለማየት ወደ ጎንደር መመልከት ይበቃል። በዚያ አካባቢ ማረሻና ማጭድ ይሠሩ ከነበሩት ብዙዎቹ ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ታላላቅ ጉዞዎች አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሲሄዱ፣ እጃቸው ላይ የነበረው ሙያም አብሯቸው ሄደ። ሲሰደቡበት የኖሩት ሙያ ጥቅሙ የታወቀው ባለቤቶቹ ከሄዱ በኋላ ነው።

አንድ እሳት፣ ሁለት ስም

በዚሁ ክልል፣ በጉባ ወረዳ፣ ታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ ቆሟል። የመሠረት ድንጋዩ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተቀመጠ፤ ግድቡም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። 13 ተርባይኖች አሉት፤ የማመንጨት አቅሙም 5,150 ሜጋ ዋት ነው። በእነዚያ ዓመታት በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች በጉባ ሐሩር ብረት ሲቆርጡ፣ ፌሮ ሲያስሩና ሲበይዱ ውለው አድረዋል። አገሩ ሁሉ አመሰገናቸው፤ ተገቢም ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። የውኃ ማስተላለፊያ ቱቦ የሚበይደውም ሆነ ማረሻ የሚሠራው የሚታገሉት ከብረትና ከእሳት ጋር ነው። ቱታ የለበሰው «ባለሙያ» ይባላል፤ ከሰል የሚያጋግለው «ቡዳ» ይባላል። ልዩነቱ በብረቱ ውስጥ የለም፤ በእሳቱም ውስጥ የለም። በተመልካቹ አፍ ውስጥ ነው። ከግድቡ ሥራ ወደ ቀዬው የተመለሰ በያጅ የሚከበርበት ቀበሌ፣ በዚያው ቀበሌ ማረሻ የሚስለውን ሰው የማያከብርበት ምክንያት ሊኖር አይችልም።

ከዓመታት በኋላ የሚመለሰው ሰው

ዛሬ ወደ መዶሻው ሊመለስ የሚችለው ሰው እንደ ድሮው በዚህ ብቻ የሚተዳደር ላይሆን ይችላል። ክረምቱን ያርሳል፤ አዝመራውን ከሰበሰበ በኋላ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ባለው በጋ ትርፍ ጊዜ አለው። አባቱ ወይም አያቱ ብረት ሠሪ ነበሩ፤ እሱም በልጅነቱ ወናፍ አናፍቷል። ወይም ከቤተሰቡ ማንም ሳይሠራ እጁ ብቻ ብረት የሚወድ ሰው ነው፤ የጎረቤት በር መዝጊያ ያበጃል፣ ለራሱ ቢላዋ ይሞርዳል። ለገንዘቡ ብሎ ሳይሆን ስለሚወደው የሚሠራ ሰውም ለማኅበር አባላት ይጠቅማል፤ ስለቱ ያው ስለት ነውና።

መዶሻን ለዓመታት አስቀምጦ የተመለሰ ሰው የመጀመሪያው ሥራው ማረሻ ሊሆን አይገባም። ክንድ ይረሳል፤ ዓይንም የብረቱን ቀለም ይረሳል። በሚስማር፣ በመንጠቆና በቀለበት ይጀምር። ቀጥሎ ማጭድ ያድስ፣ ከዚያ መኮትኮቻ ይሥራ። ማረሻና ወገል የመጨረሻ ናቸው። «ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው» የተባለው ለፍጥነት ብቻ አይደለም። ቀለሙ የጠፋ ብረት ሲመታ ውስጡ ይሰነጠቃል፤ ጉዳቱም የሚታወቀው ማሳ ላይ ነው።

ዕቃው ብዙ አይደለም፤ መዶሻ፣ ጉጠት፣ መስፍ፣ ወናፍና ምድጃ ናቸው። መስፍ ላጣ ሰው ወፍራም የብረት ቁራጭ በግንድ ላይ ተተክሎ ይበቃዋል። ከፍየል ቆዳ የሚሠራው ወናፍ መብራት ባልገባበት ቀበሌ ዛሬም ያገለግላል፤ መብራት ባለበት ደግሞ ትንሽ የንፋስ ሞተር ድካሙን ያቀላል። ነፋሱን ወደ ፍሙ የሚያደርሰውን የሸክላ ቱቦ ሸክላ ሠሪ እናቶች ያውቁታል።

ስለ ብረቱ ሦስት ነገር ማወቅ ይጠቅማል።

አንደኛ፣ ብረት ሁሉ አንድ አይደለም። ከአሮጌ መኪና የሚወጣው ባሌስትራ ካርቦን ስለሚበዛው ስለት ይይዛል፤ ለማረሻ፣ ለዶማና ለማጭድ ተመራጭ ነው። ተራ ፌሮ ለመንጠቆና ለቀለበት ይሆናል እንጂ ስለት አይጸናለትም።

ሁለተኛ፣ የባሌስትራን ስለት ማጠንከሪያው ሙቀት በግምት ብቻ መታወቅ የለበትም። ከተበላሸ ራዲዮ ድምፅ ማጉያ የሚወጣ ማግኔት በሽቦ ታስሮ ይጠጋበት። ብረቱ ቀልቶ ማግኔቱን መሳብ ሲተው ትንሽ ጨምሮ አግሎ ዘይት ውስጥ መንከር ነው። ውኃ ድንገት ስለሚያቀዘቅዘው ባሌስትራ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ሦስተኛ፣ ተነክሮ የወጣ ብረት እንደ ሸክላ ተሰባሪ ነው። ስለዚህ በድንጋይ ተፈግፍጎ ከነጣ በኋላ ቀስ ብሎ እንደገና ይሙቅ። ቀለሙ መጀመሪያ እንደ ገለባ ይሆናል፤ ቀጥሎ ወይን ጠጅ፣ በመጨረሻም ሰማያዊ ይሆናል። ለቢላዋ ገለባማው ላይ ማቆም ነው። ድንጋይ ለሚመታ ዶማ ግን ወደ ሰማያዊው መድረስ ይሻላል። ብዙ ዶማ የሚሰበረው ይህ ደረጃ ስለሚዘለል ነው።

ጤናም አይዘንጋ። ከሰል በዝግ ቤት አይነድም፤ ጭሱ ባይታይም ይገድላል። ነጭ ሽፋን ያለው ቧንቧና ቆርቆሮ እሳት ውስጥ አይገባም፤ ጢሱ መርዝ ነው። ዓይን በመነጽር ይሸፈን።

ከሰሉስ ከየት ይምጣ? ለከሰል ሲባል ደን መጨፍጨፍ የማኅበሩን አባል መልሶ ይጎዳዋል። ይህ ክልል ግን የቆላ ቀርከሃ ሀብታም ነው። ቀርከሃ በሦስት ዓመት ገደማ ይበስላል፤ የበሰለው ብቻ እየተመረጠ ሲቆረጥ ሥሩ እንደገና ያቆጠቁጣል። ከሰሉ ቀላልና ቶሎ የሚያልቅ ቢሆንም ለአነስተኛ ምድጃ ይበቃል።

ከማኅበራትና ከጽሕፈት ቤቶች የሚጠበቀው

ብረት ሠሪውን ለመመለስ ትልቅ በጀት አያስፈልግም። የሚከተሉት ግን ያስፈልጋሉ።

1. ዩኒየኑ ከጋራዦች አሮጌ ባሌስትራ በብዛት ገዝቶ በየመሠረታዊ ማኅበሩ ለብረት ሠሪዎች በተገዛበት ዋጋ ቢያከፋፍል። ብቻውን አንድ ባሌስትራ ፍለጋ አሶሳ ድረስ የሚሄድ ሰው ትርፉን በመንገድ ይጨርሳል።

2. ትዕዛዝ አስቀድሞ ይሰጥ። የዶማና የማረሻ ትዕዛዝ በጥር ከተሰጠ ዝናቡ ሳይገባ ይደርሳል፤ የማጭዱ ደግሞ በመስከረም። ገዢ መኖሩን የሚያውቅ ሰው ምድጃውን ለማንደድ አያመነታም።

3. ጥራት ይፈተሽ። ማኅበሩ ከተረከበው ውስጥ ጥቂቱን ድንጋያማ መሬት ላይ ይሞክር፤ የተጣመመውንና የተሰበረውን ለሠሪው ይመልስ። ይህ ሠሪውን ማዋረድ አይደለም፤ ሙያውን እንደ ሙያ መቁጠር ነው።

4. የቴክኒክና ሙያ ተቋማት በበጋው አጫጭር ሥልጠና ሲያዘጋጁ በዕድሜ የገፉትን ብረት ሠሪዎችም አሠልጣኝ አድርገው ይጋብዙ። ወጣቱ ብየዳውን ያምጣ፤ ሽማግሌው የእሳቱን ቀለም ያሳየው።

5. ከሁሉም በላይ ብረት ሠሪው ሙሉ አባል ይሁን። በኅብረት ሥራ ማኅበር ሕግ አንድ አባል አንድ ድምፅ አለው፤ የሙያው ስም ድምፁን አይቀንሰውም። ይመረጥ፣ ይምረጥ፣ በስብሰባው ላይ ከመካከል ይቀመጥ። በበዓሉ ቀንም ከሌላው ጋር በአንድ ማዕድ ይብላ።

ይህ አምስተኛው ምንም ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሆኖም ከሁሉም የከበደው እሱ ነው። ባሌስትራ ቢከፋፈል፣ ትዕዛዝ ቢሰጥ፣ ሥልጠና ቢዘጋጅ፣ ልጁ በትምህርት ቤት «የቡዳ ልጅ» እየተባለ የሚያለቅስበት አባት ወናፉን አያወርድም። የቀበሌ ሹሞች፣ የሃይማኖት አባቶች፣ ሼኮችና መምህራን በዚህ ላይ አንድ ቃል ቢናገሩ ከብዙ ሥልጠና ይበልጣል።

የተከበራችሁ አባላት፣

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ይባላል። ኅብረት ሥራ ማለት ይኸው ነው። ብረት ሠሪው እስካሁን ሸክሙን ለብቻው ተሸክሞ ኖሯል፤ እሳቱንም፣ ስድቡንም። በሚቀጥለው የምሥረታ በዓል የዚህ ዩኒየን ሪፖርት የማዳበሪያውን ኩንታልና የሰሊጡን ሽያጭ ሲዘረዝር፣ ከሥሩ «በአባል ብረት ሠሪዎች የተሠራ ማረሻ፣ ዶማና ማጭድ» የሚል አንድ መስመር ቢጨመር፣ ያ መስመር ትንሽ አይሆንም።