ወጋየሁ ንጋቱ፤ በአንድ ጉሮሮ ብዙ ሰው

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአዳራሽ የተደረገ ንግግር)



በዛሬው በዓል ስለ አንድ ተዋናይ ጥቂት ቃል እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን እጅግ እናመሰግናለን። ከእኛ ከ12ኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል ይህን ሰው በመድረክ ላይ ያየ አንድም የለም። በ1982 ዓ.ም. ገና በጎልማሳነቱ ሲሞት እኛ አልተወለድንም ነበር። ድምፁን ከቶ ሰምቶ የማያውቅ ሰው ግን በዚህ አዳራሽ ውስጥ ቢገኝ እንደነቃለን። እርሱም ወጋየሁ ንጋቱ ነው።

ወጋየሁ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የኪነ ጥበብ ማዕከል ዙሪያ ከተነሡት ወጣት ተዋንያን አንዱ ነበር። እንደ ባልንጀራው እንደ ደበበ እሸቱ በሃንጋሪ አገር ቴአትር አጥንቶ ተመለሰና በአዲስ አበባ መድረኮች የጸጋዬ ገብረ መድኅንንና የሌሎችንም ደራስያን ሥራ ተጫወተ። ያን ጊዜ ተዋናይነት በብዙ ቤት ከአዝማሪነት ጋር ስለሚቈጠር፤ የተማረ ሰው በሕዝብ ፊት ሌላ ሰው መስሎ መቆሙ ለብዙዎች የሚያሳፍር ነገር ነበር። አሁንስ ቀርቷልን? ቈይተን እንመለስበታለን።

የመድረክ ሥራ አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ መጋረጃው ሲወርድ አብሮ ያልቃል። ደበበ እሸቱ በ1965 ዓ.ም. በወጣው «ሻፍት ኢን አፍሪካ» በተባለው የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ስለ ተጫወተ፤ ከፊሉም በአገራችን ስለ ተነሣ፤ የያኔ መልኩን ዛሬም ማየት ይቻላል። ከወጋየሁ የመድረክ ሥራ ግን የቀረው በአብዛኛው ያዩት ሰዎች የሚነግሩን ነው። እኛ እጅ የደረሰው ድምፁ ነው፤ ያውም በሬዲዮ።

የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. የታተመ፤ ከ500 ገጽ በላይ ያለው መጽሐፍ ነው። ደራሲው ከወደ ደብረ ማርቆስ የተወለዱ የጎጃም ሰው ናቸው፤ ታሪኩም በማንኩሳ ተጀምሮ ዲማ ጊዮርጊስ የሚደርስ የእኛው አገር ታሪክ ነው። ይህን መጽሐፍ ወጋየሁ በኢትዮጵያ ሬዲዮ በተከታታይ አነበበው። አነበበው ስንል ቃሉ ያንሳል። በመድረክ ላይ ተዋናይ ካባ ይለብሳል፤ ጢም ይለጥፋል፤ ከዘራ ይይዛል። በሬዲዮ ከትንፋሹ በቀር ምንም የለውም። ያም ሆኖ እርሱ በዚያ በአንድ ትንፋሽ ፊታውራሪ መሸሻን፤ ሰብለ ወንጌልን፤ በዛብህን፤ ጉዱ ካሣንና ባላገሮቹን ሁሉ ለየብቻ አቆማቸው። ማን እንደ ተናገረ ለማወቅ ስም መጥራት አያስፈልግም።

እኛ ቀረጻውን ደጋግመን ሰምተን አንድ ነገር የተረዳን ይመስለናል። ጉዱ ካሣን ሰው ሁሉ እብድ ይለዋል። አንባቢው በእብድ ድምፅ ቢያነበው ኖሮ ሰሚው ስቆ ያልፈው ነበር። ወጋየሁ ግን ያነበበው እንደ ጤነኛ፤ እንዲያውም ነገሩ እንደ ሰለቸው ጤነኛ ነው። ስለዚህ እብዱ ማን እንደ ሆነ ሰሚው ራሱ ይፈርዳል። እዚህ ላይ አንድ ኃጢአታችንን እንናዘዝ፤ ከመካከላችን ብዙዎቹ ድምፁን ሰምተው መጽሐፉን ያነበቡ ይመስላቸው ነበር። የአማርኛ መምህራችን ይህን በፈተና ደርሰውበታል።

እንግዲህ ወደ ራሳችን ነገር እንምጣ። የድራማ ክበባችን ለዚህ በዓል ከመጽሐፉ አንድ ክፍል ለማሳየት ቈርጦ፤ ከክፍል በኋላ በጣና ዳር ከዛፎቹ ሥር ይለማመድ ነበር። የፊታውራሪ መሸሻ ድርሻ የደረሰው ጓደኛችን ወጋየሁን ቃል በቃል ቀዳው፤ ሳሉ እንኳ አልቀረውም። እኛም አጨበጨብን። በዚያው መረባቸውን የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አስጋሪ ግን ቀና ብለው፤ «ይኼ የሬዲዮኑ ሰውዬ ነው፤ ፊታውራሪው የት አሉ?» አሉን። የምንመልሰው አጣን። ወጋየሁ ፊታውራሪውን ሲሆን ራሱ ይጠፋ ነበር፤ የእኛ ጓደኛ ግን ወጋየሁን ብቻ ሆኖ ቀረ።

ይህ ሳያንስ ሌላ ጣጣ መጣ። የጓደኛችን አባት ስለ ልምምዱ ሰሙና፤ «ልጄን ትምህርት ቤት የሰደድሁት አዝማሪ እንዲሆን አይደለም» ብለው ከለከሉ። ያን ጊዜ የደረስንበት ብልሃት ሽማግሌ መላክ ነበር። ሽማግሌ ተብለን የሄድነው ግን አንድም ጢም የሌለን አራት ተማሪዎች ነን። አባትየው አክብረው አስቀመጡን፤ ቡናም አስፈሉልን፤ ነገሩን ግን አልተቀበሉም። ንግግራችን ሲያልቅብን አንዱ ከስልኩ የወጋየሁን ንባብ ከፈተ። ባላገሮቹ በአበጀ በለው መሪነት በፊታውራሪው ላይ የተነሡበት ክፍል ነበር። አባትየው ስኒውን እንደ ያዙ ዝም አሉ። ቈይተውም ድምፁ ሊል ያለውን ቃል ቀድመው በከንፈራቸው ይሉት ጀመር። በልጅነታቸው፤ በሰፈሩ አንድ ሬዲዮ ብቻ በነበረበት ጊዜ፤ በጎረቤት ቤት ደጃፍ ተቀምጠው ሰምተውት ኖሯል።

ንባቡ ሲያበቃ ወደ ልጃቸው ዞረው፤ «እስቲ የአንተን አሰማን» አሉት። ጓደኛችን እየፈራ ጀመረ። «ቀስ በል፤» አሉት፤ «ባለ ርስት አይቸኩልም። አፉን የሚቀማው ሰው የለ፤ ምን ያስቸኩለዋል?» እንደዚህ ያለ ትምህርት በክበባችን አልሰማንም ነበር። እስኪመሽ ድረስ ደጋግመው አስባሉት። ስንነሣም «ለአንድ ቀን ብቻ ነው» ብለው ፈቀዱ። ከዚያ በኋላ ያለውን እነርሱ አባትና ልጅ ይጨርሱት።

አሁን ከዚህ ንግግር ቀጥሎ የምታዩት ያንኑ ክፍል ነው። ካባው የውሰት ነው፤ ከዘራው ግን የአባትየው የራሳቸው ነው። እርሳቸውም በሦስተኛው ረድፍ ተቀምጠዋል፤ እባካችሁ ጓደኛችን እንዳይደነግጥ ወደ እርሳቸው አትዩ።