ስለ አዲስ ኃላፊነት፣ ስለ ፍርሃትና ስለ እምነት
(በሐዋሳ ከተማ ለተመራቂ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



እንድንናገር የተጠየቅነው ስለ ድፍረት ነበር። ነገር ግን «ደፋር» የሚለው ቃል በቋንቋችን ሁለት ፊት አለው፤ በአንዱ ጀግና ይመሰገንበታል፣ በሁለተኛው ታላቁን የማያከብር ይሰደብበታል። ስለዚህ ስለ ፍርሃት ብንናገር ይሻላል ብለናል፤ እርሱን ከድፍረት ይልቅ አብልጠን እናውቀዋለንና።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከእናንተ አንዱ በማያውቀው ወረዳ፣ ልጆች ተጨናንቀው በተቀመጡበት ክፍል በር ላይ ይቆማል። አንዷ በሌሊት ተራዋ ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ትመጣባታለች፤ የሚጠየቅ ታላቅ በአጠገቧ አይኖርም። አንዱም አባቱ የሚሆኑትን ገበሬ «አባባ፣ ዘሩን እንዲህ ቢዘሩት ይሻላል» ማለት ግድ ይሆንበታል። ይህ ከእናንተ አልተጀመረም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የመጨረሻውን ዓመት ከመጀመራቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ፣ አብዛኛዎቹ በአስተማሪነት፣ እንዲያገለግሉ ይላኩ ነበር። እነርሱም በዚያው በር ላይ ቆመዋል።

እኛም ለማስተማር ልምምድ በወጣንበት በመጀመሪያው ቀን፣ ስማችንን በሰሌዳ ላይ ስንጽፍ ጠመኔው ሁለት ጊዜ ከእጃችን ወድቋል። ልጆቹ አልሳቁም፤ ዝምታቸው ግን ከሳቅ ይልቅ ከበደን። በዋዜማው ሌሊት ስንጸልይ አምሽተን ነበር። ፍርሃቱ ስላልለቀቀን እምነታችን ጎዶሎ ነው ብለን ብዙ ቀን አዘንን። ዛሬ ግን ያን ጊዜ የተሳሳትነው በሒሳቡ ነው እንላለን፤ ፍርሃቱ ጠፍቶ ድፍረቱ ከመጣ በኋላ መሄድ የሚገባን መስሎን ነበር።

ሁላችንም የምናውቀውን የፍሬምናጦስን ታሪክ እንደ ገና እንመልከት። በ4ኛው መቶ ዓመት ከጢሮስ የተነሣች መርከብ በቀይ ባሕር ዳርቻ ተያዘች፤ ሰዎቿም ተገደሉ። ሁለት ልጆች ብቻ፣ ፍሬምናጦስና ወንድሙ፣ ተርፈው ወደ አክሱም ንጉሥ ቤት ተወሰዱ። በዚያ አደጉ፤ ፍሬምናጦስ የቤተ መንግሥቱን ሒሳብና ጽሕፈት ያዘ፤ ንጉሡም በሞተ ጊዜ ንግሥቲቱ ልጇ እስኪያድግ ድረስ አገሩን በማስተዳደር እንዲረዷት ሁለቱን ለመነቻቸው። በኋላ ነጻ ሲለቀቁ ወንድሙ ወደ አገሩ ተመለሰ። ፍሬምናጦስ ግን ወደ እስክንድርያ ወርዶ ለሊቀ ጳጳሱ ለአትናቴዎስ፣ በአክሱም ያሉት ምእመናን ጠባቂ የላቸውምና ጳጳስ ይላክላቸው ሲል አመለከተ። አትናቴዎስም አሳቡን ከሰማ በኋላ፣ ለዚህ ሥራ ከአንተ የሚሻል ማንን እናገኛለን ብሎ እርሱን ራሱን ሾሞ መለሰው። እነሆ፣ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለው ሰው ወደ እስክንድርያ የወረደው ለሌላ ሰው ጉዳይ ነበር!

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንድትሉልን እንፈልጋለን። ፍሬምናጦስ አገሩን ያውቅ ነበር፤ ሰዉን ያውቅ ነበር፤ ስንት ዓመት መዝገብ ሲይዝ ኖሯል። ጸሎት የትምህርት ዝግጅትን ይተካል የሚል ተማሪ በመካከላችን አይታጣም፤ እኛ በዚህ አንስማማም። ሳይዘጋጁ ገብቶ «እግዚአብሔር ያውቃል» ማለት በልጆቹ ጊዜ መቀለድ ነው።

ሙስሊም ወንድሞቻችንና እኅቶቻችንም ተመሳሳይ ነገር ከራሳቸው ታሪክ ያውቃሉ። በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ ከመካ ተሰደው ወደ አክሱም ከመጡት መካከል፣ በነጋሺ ፊት ቆሞ ስለ ሁሉም እንዲናገር የተመረጠው ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ ገና ወጣት ነበር። ቃሉ ባይሰማ ስደተኞቹ ሁሉ ለአሳዳጆቻቸው ሊሰጡ ይችሉ ነበር።

አሁን ወደ ቅርባችን እንምጣ። ከዚህ ከሐዋሳ በሻሸመኔና በሐላባ በኩል የሚሄድ ሰው በአንድ ቀን ወላይታ ሶዶ ደርሶ ያድራል። በዚያ በ1920 ዓ.ም. የሱዳን ኢንተሪየር ሚሽን ሰዎች ሥራ ጀምረው ነበር። ጣልያን አገሪቱን ሲይዝ፣ በ1929 ዓ.ም. ሚሽነሪዎቹ ከወላይታ እንዲወጡ ተገደዱ። ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች 48 ነበሩ። አብዛኛዎቹ ገበሬዎች ናቸው፤ ማንበብ የሚችሉት ጥቂት ናቸው፤ በቋንቋቸው የነበራቸው መጽሐፍም የማርቆስ ወንጌልና ጥቂት ምርጥ ክፍሎች ብቻ ነበር። ትናንት አድማጭ የነበረው ሰው በማግሥቱ አስተማሪ፣ አጥማቂና ዳኛ ሆነ። የሚሾመው አልነበረም፤ ቦታው ባዶ ስለ ነበረ ብቻ ገባበት።

ስለ እነዚህ ሰዎች ስንሰማ ፍርሃት ያልፈጠረባቸው መስሎን ነበር። ነገር ግን የሚያስፈራ ነገር ሞልቶ ነበር። ሽማግሌዎቹ ታሰሩ፣ ተገረፉ፤ ከእነርሱም ዋንዳሮ የተባለው እስከ ዛሬ በወላይታ ስሙ ይጠራል። እኛን ይልቅ የሚያስገርመን ሌላው ነገር ነው። የታሰረውን ሰው ማሳ የሚያርስ፣ ለልጆቹ እህል የሚያደርስ፣ ወደ እስር ቤቱም ምግብ የሚያመላልስ ጎረቤት ነበረ። ሰው መሶቡ እንዳልተራቆተ ሲያውቅ ግርፋቱን መቻል ይቀለዋል ብንል ክብራቸውን አናሳንስም። እምነታቸው በልብ ውስጥ ብቻ አልነበረም፤ በበሬና በሞፈርም ነበረ። ከነጻነት በኋላ ሚሽነሪዎቹ ሲመለሱ አንዳች ነገር እናገኝ ይሆን ብለው ይሰጉ ነበርና፣ ያገኟቸው አማኞች ወደ 10,000 ገደማ ሆነው ቆዩአቸው።

ከ48ቱ አንዱን ጠርተን «ድፍረቱ መቼ መጣልህ?» ብንለው ምን ይመልስልን እንደ ነበር ብዙ ጊዜ እናስባለን። እኛ ከትንሿ ልምዳችን የምናውቀው በሦስተኛው ሳምንት መሆኑን ነው። አንዲት ልጅ ከትምህርት በኋላ ቀርታ ያልገባትን ጠየቀችን፤ እኛም ስናስረዳት ፍርሃታችንን ረሳነው። በማግሥቱ እንደ ገና ተመለሰ፤ ነገር ግን እንደ ፊተኛው ጌታ ሆኖ አይደለም።

የወላይታዎቹን ነገር ያነሣነው ግን ለማድነቅ ብቻ አይደለም። ባለፉት ዓመታት ከዚህ የወጡ ጓደኞቻችን በየወረዳው ብቻቸውን ተበትነው፣ አንዱ በአንዱ ተራራ ማዶ እያለ ሳይተዋወቁ ዓመቱን የጨረሱ አሉ። ይህ ሊቀር ይገባዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ተመራቂ የተመደበበትን ዞንና ወረዳ፣ የሚገኝበትንም ስልክ ጽፎ እስከ ዓርብ ማታ ለማኅበሩ ጸሐፊ እንዲሰጥ እንለምናለን። ዝርዝሩን አባዝተን ለሁሉም እናድላለን። የአንድ ወረዳ ሰዎች ከመሄዳቸው በፊት ይተያዩ፤ በወር አንድ ቀን የሚገናኙበትን ከተማም ይምረጡ። ደመወዝ እስኪደርስ የሚቸገር ቢኖር ከማን እንደሚበደር አስቀድሞ ይወቅ፤ የመጀመሪያው ደመወዝ የሚዘገይበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ይህን ማንም አልነገረንም ነበር።

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ታቦር ተራራ ላይ እንወጣለን። የሚጸልይ በየሃይማኖቱ ይጸልያል፤ መጸለይ የማይፈልግም ሐይቁን ያያል። ቁርስ በአሞራ ገደል ነው፤ የዓሣውን ሒሳብ የምንከፍለው እኛ ነን።