ከቤት የመጣው ቋንቋና የፊደል ገበታው

(በሀና ማርያም ለሰበካ ጉባኤ አባላት፣ ለካህናትና ለመዋዕለ ሕፃናት መምህራን የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።



ዛሬ የምንነጋገረው ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ስለሆናቸው ሕፃናት ነው። እነዚህ ሕፃናት በአጥቢያ መዋዕለ ሕፃናት ወይም በየኔታ ፊት ለፊደል ይቀመጣሉ፤ በቤታቸው ግን የሚሰሙት ከአማርኛ ሌላ ቋንቋ ነው። ለዚህ ጉዳይ ሩቅ ምሳሌ መፈለግ አያሻንም። ከተማው ወደ ደቡብ እየሰፋ መጥቶ የእርሻ መንደሮችን በዋጠበት በዚህ በሀና ማርያም አካባቢ፣ ወደ ለቡም ሆነ ወደ ፉሪ ብንሄድ፣ ከቀድሞ ጀምሮ አፋን ኦሮሞ የሚናገር ነዋሪ አለ፤ በአጠገቡም ከጉራጌ፣ ከስልጤ፣ ከወላይታና ከጋሞ ለሥራ የመጡ ቤተሰቦች ሰፍረዋል። በአንድ ግቢ ተከራይተው በሚኖሩ አራት ቤቶች አራት ዓይነት የእናት ቋንቋ ቢሰማ የሚደነቅ የለም።

ችግሩ የሚጀምረው ልጁ ከዚያ ግቢ ወጥቶ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ነው። መምህርቷ ትጠይቃለች፤ ልጁ ዝም ይላል። በሁለተኛው ወር «ደካማ ነው»፣ በአራተኛው ወር «አእምሮው ዘገየ» ይባላል። እናቱ ተጠርታ «በቤት ውስጥ አማርኛ ብቻ ተናገሩ» ትባላለች። አማርኛን ከገበያ የቃረመች እናት ምክሩን ከፈጸመች ለልጇ የምታወራው እጅግ ያንሳል፤ ተረቱ ይቀራል፤ «ለምን?» ብሎ ሲጠይቃት የምትመልስለት ታጣለች። ልጁ አንዱን ቋንቋ ሳያገኝ ሌላውን ያጣል። በደግነት የተሰጠ ምክር ቢሆንም ጉዳቱ ከባድ ነውና እዚህ ላይ ቆም ብለን እንመልከተው።

በአብነት ትምህርታችን ሕፃኑ መጀመሪያ ከፊደል ገበታው ሀሁን ይቈጥራል፤ ቀጥሎ አቡጊዳን፣ ከዚያ መልእክተ ዮሐንስን፣ በመጨረሻም ዳዊትን ይደግማል። ግዕዝ ዛሬ ለማንም ሕፃን የእናት ቋንቋ አይደለም። ስለዚህ አንዳንድ አባቶች «እኛ የማንናገረውን ቋንቋ አንብበን አድገናል፤ ለኦሮሞው ወይም ለጉራጌው ልጅ አማርኛ ምን ይከብደዋል?» ብለው ሲጠይቁ እንሰማለን። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በአጭሩ ልናልፈው አይገባም።

በመጀመሪያ፣ አባቶቻችን ፊደልን ያስተማሩበት ዘዴ ብልህነት የተሞላ ነበር። ሀሁን በዜማ የያዘ ልጅ ረድፉን ሁሉ ሳይሳሳት ያወርደዋል፤ ከመካከል አንዱን ፊደል ለይተው ቢያሳዩት ግን ዜማውን ከመጀመሪያው ካላነሣ አይመልስም። አቡጊዳ ይህን በቃል መያዝ ይሰብራል፤ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ እያለ ፊደሉን በሰያፍ ሲያስኬደው ልጁ ዜማውን ትቶ ቅርጹን ለማየት ይገደዳል። ዛሬ የንባብ ባለሙያዎች በብዙ ገጽ የሚጽፉትን ነገር የኔታ በስንጥር እየጠቆሙ ሲያደርጉት ኖረዋል።

ነገር ግን የኔታም ቢሆኑ ገበታውን ሰጥተው አይሄዱም። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ አይለይም። ስለዚህ የግዕዙን ንባብ፣ ተነሹንና ወዳቂውን፣ የሚጠብቀውንና የሚላላውን፣ ልጁ ከየኔታ አፍ ይቀበላል። በአማርኛም «ገና» ተብሎ የተጻፈው ቃል ጠብቆ ሲነበብ በዓለ ልደት ነው፤ ላልቶ ሲነበብ ጊዜው አለመድረሱን ያመለክታል። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ነው። አማርኛ በጆሮው የገባለት ልጅ ከዐረፍተ ነገሩ ተረድቶ ያነበዋል። ያልገባለት ልጅ ፊደሉን ሁሉ ቢያውቅም የቱን እንደሚያነብ የሚነግረው የለም። ፊደል የሚያነበው ዐይን ቢሆንም የሚያቃናው ጆሮ ነው። በግዕዙ የየኔታ ድምፅ ይህን ጉድለት ይሞላል፤ በመዋዕለ ሕፃናት አርባ ልጅ በያዘ ክፍል ግን ያ ድምፅ ለእያንዳንዱ ልጅ አይደርሰውም።

ሁለተኛው መልስ ስለ ትርጓሜ ነው። በአብነቱ ሥርዓት ንባቡ ቀድሞ ትርጓሜው ከዓመታት በኋላ ይመጣል፤ ለዚያ የሚጸና ተማሪ አለ። የመዋዕለ ሕፃናት ልጅ ግን አንደኛ ክፍል እንደገባ ሒሳቡንም አካባቢ ሳይንሱንም አንብቦ እንዲረዳ ይጠየቃል። ዓመታት የሚጠብቀው የለም። ቅዱስ ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ፣ ማኅበሩ የማይረዳው ብዙ ንግግር ከሚረዳው ጥቂት ቃል ያነሰ መሆኑን እንዳስረዳ አባቶች ከእኛ ይልቅ ያውቁታል።

የነገሩን ክብደት በቍጥር ለማየት ለሚፈልግ፣ በ2002 ዓ.ም በአገራችን የተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና አለ። ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ለክፍላቸው ከተዘጋጀው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም፤ 48 በመቶው ስለ ታሪኩ ከተጠየቁት አንዱንም አልመለሱም። በሁለቱ ቍጥሮች መካከል ያሉት ልጆች ያሳስቡናል። ቃል ያነብባሉ፤ ያነበቡት ግን ምን እንደሆነ አያውቁም።

አሁን ከቤቱ አፋን ኦሮሞ ይዞ የመጣውን ልጅ እንመልከት፤ በዚህ አካባቢ ብዙ ነውና። የእርሱ ቋንቋ አምስት አናባቢዎች አሉት፤ እያንዳንዱም አጭርና ረጅም ይሆናል፤ እርዝመቱም ትርጉም ይለውጣል። «ለፈ» መሬት ነው፤ «ላፋ» ለስላሳ ነው። እንግዲህ ይህ ልጅ በገበታው ላይ ግዕዙን «ለ» እና ራብዑን «ላ» ሲሰማ የአንድ ድምፅ አጭርና ረጅም መልክ አድርጎ ሊይዛቸው ይችላል። ሳድሱ ደግሞ በቋንቋው ስለሌለ «ል»ን ወደ «ሊ» ወይም ወደ «ሉ» ቢያጠጋው አይፈረድበትም። የጸ ድምፅም በአፋን ኦሮሞ የለም፤ «ጸሎት»ን «ጠሎት» ቢል ስንፍና አይደለም። (አዲስ አበባ ተወልደው «ጠሐይ» የሚሉ ስንት አሉ!) በአንጻሩ እኛ አጥርተን የማንለው የ«ዸ» ድምፅ በእርሱ አንደበት አለ። ይህን የምታውቅ መምህርት ልጁ ሲሳሳት ከየት እንደመጣ ታውቃለች፤ ግዕዙንና ራብዑን፣ ሳድሱንና ሣልሱን ጎን ለጎን እያሰማች ጨዋታ ታደርገዋለች። የማታውቀው ግን ስሕተቱን ስትቈጥር ትውላለች።

የቃላትም ነገር አለ። በአማርኛ ፊደል መማሪያ ውስጥ የእጅ ሥዕል ተሥሎ «እጅ» ተብሎ ይጻፋል። በአፋን ኦሮሞ «ኢጀ» ዐይን ነው። መምህርቷ «እጃችሁን አሳዩኝ» ስትል ዐይኑን የሚነካ ልጅ አልሰማም ወይስ በሚገባ ሰምቷል? ደግሞ ወደ ሸገር ከተማ ተሻግሮ በቁቤ የሚማር ወንድም ወይም ጎረቤት አለው። በቁቤ ኤክስ የምንለው ፊደል ጠ ነው፤ ሲ ብቻውን ሲቆም ጨ ነው። የእኛ መዋዕለ ሕፃናት ደግሞ ያንኑ ቅርጽ በእንግሊዝኛ ድምፁ ያስተምሩታል። አምስት ዓመት ላልሞላው ልጅ ሁለት ዓይነት ፊደልና ሦስት ዓይነት ድምፅ በአንድ ዓመት እናሸክመዋለን።

እዚህ ላይ ለሰበካ ጉባኤ አባላት በግልጽ መናገር ይገባናል። በርካታ የአጥቢያ መዋዕለ ሕፃናት ወላጅ ለመሳብ «እንግሊዝኛ ከጀማሪ ክፍል እናስተምራለን» ብለው ያስተዋውቃሉ። ወላጅ ይፈልገዋል፤ ክፍያው ለአጥቢያው ገቢ ነው፤ ይህን እናውቃለን። በእኛ ግምት ግን ልጁ በአንድ ቋንቋ አጥርቶ ማንበብ እስኪጀምር ድረስ እንግሊዝኛው በመዝሙርና በጨዋታ፣ በጆሮ ብቻ ቢገባ ይበቃል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ለፊደሉና ለንግግሩ ይተዉ። ኮሚቴው ይህን ለወላጅ ለማስረዳት ድፍረት ያስፈልገዋል።

በእናት ቋንቋ ማስተማር ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በሐምሌ 1971 ዓ.ም የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እያደገ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች አስተምሯል፤ ሁሉም በፊደላችን የተጻፉ ነበሩ። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋ እንዲሰጥ ወስኗል። ከዚያም በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1894 ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ በምፅዋ አቅራቢያ በእምኩሉ ለኦሮሞ ልጆች የንባብ መማሪያ በግዕዝ ፊደል አሳትመዋል። ሥራው ከቤተ ክርስቲያናችን ውጭ የተሠራ ቢሆንም፣ አስቴር የሕዝቡን ተረትና ዘፈን ሰብስባ ለመማሪያው ግብዓት ማድረጓን ሳናደንቅ አናልፍም፤ ልጁ አስቀድሞ በጆሮው የሚያውቀውን ነገር በጽሑፍ እንዲያገኘው ነበርና።

ታዲያ አጥቢያችን ምን ሊያደርግ ይችላል? ሁሉንም ቋንቋ የሚናገር መምህር መቅጠር አንችልም፤ ማንም አይጠብቅብንም። ሊደረግ የሚችለው ቀላል ነው። በመስከረም ምዝገባ ላይ «ልጁ በቤት የሚሰማው ቋንቋ ምንድን ነው?» የሚል አንድ መስመር ይጨመር። ይህ ጥያቄ ብሔር ለመቍጠር እንዳልሆነ ለመዝጋቢውም ለወላጁም አስቀድሞ ይነገር፤ ዘመኑ እንዲህ ያለውን ጥያቄ በጥርጣሬ የሚያይ ነውና። የብሔር ስም በቅጹ ላይ ፈጽሞ አይግባ። መምህርቷ ግን የክፍሏን ልጆች ጆሮ ታውቃለች።

በየሳምንቱ አንድ ቀን፣ ግማሽ ሰዓት ያህል፣ ቋንቋውን የሚናገሩ አያቶች ወይም የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ይምጡና ተረት ይንገሩ። የአማርኛው እንቆቅልሽ በአፋን ኦሮሞ ሂቦ ይባላል፤ ሁለቱም ልጁን ድምፅና ቃል እንዲያጠምድ ያሠለጥኑታል። ተረቱን በቤት ቋንቋው የሰማ ልጅ በማግሥቱ ያንኑ ተረት በአማርኛ ሲሰማ ታሪኩን ያውቀዋል፤ የሚቀረው ቃሉን መያዝ ብቻ ነው። በሦስተኛው ቀን ከተረቱ ውስጥ አራት ወይም አምስት ቃል በካርቶን ተጽፎ ይቀርብለታል። ወጪው ካርቶንና ማርከር ነው። የፊደሉም ጉዞ ከዚያው ይነሣ፤ 231ዱን ፊደል በተርታ እስኪጨርስ ድረስ አንድም ቃል ሳያነብ እንዳይቆይ፣ ገበታው በግድግዳው ላይ እንዳለ ሆኖ የራሱን ስም ፊደላት፣ «እማ»ንና «ቡና»ን ቀድሞ ይወቅ። «ቡና» ደግሞ በአፋን ኦሮሞም ከቡና ብዙ አይርቅም።

ዝም ያለውን ልጅ በተመለከተ አንድ ነገር እንለምናለን። ማንም መምህር አንድን ልጅ «ዘገየ» ብሎ ከመመዝገቡ በፊት፣ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው በዚያው በልጁ ቋንቋ ያነጋግረው። በቤቱ ቋንቋ ተረት የሚተርክ፣ ታናሹን የሚያዝዝ፣ ከአያቱ ጋር የሚከራከር ልጅ ከሆነ ችግሩ የአእምሮ አይደለም። በቤቱ ቋንቋም ዝም ካለ ደግሞ የጆሮ ምርመራ ወይም ሌላ እርዳታ ያስፈልገዋልና ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ። ይህን ሳንለይ የምናስደግመው ልጅ፣ ወይም ወላጁ ተስፋ ቈርጦ የሚያስቀረው ልጅ፣ ከእጃችን ይወጣል።

ካህናት አባቶችም በዐውደ ምሕረት ላይ ወላጆችን «ከልጆቻችሁ ጋር በምታውቁት ቋንቋ ተነጋገሩ፤ ጸሎቱንም ተረቱንም በእርሱ አስተምሩ» ቢሏቸው የመምህርቷ ሥራ ግማሽ ይቀልላል። ከእኛ ቃል ይልቅ የእናንተን ይሰማሉ። የምዝገባ ቅጹን ረቂቅና የተረት ሰዓቱን አካሄድ አዘጋጅተን ስለመጣን፣ ከስብሰባው በኋላ እያንዳንዱ አጥቢያ ተወካዩን ልኮ እንዲወስድ በትሕትና እንጠይቃለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።