ክፍት የሕዝብ ቦታ፦ የከተማ የጥላ ዛፍ

የዛሬው ርዕስ ክፍት የሕዝብ ቦታ ነው። ክፍት የሕዝብ ቦታ ሲባል መናፈሻን፣ የልጆች መጫወቻንና የወንዝ ዳርቻን የመሰለ፣ ሁሉም ነዋሪ በጋራ የሚገለገልበት መሬት ማለት ነው።

ነገሩን በቡና ማሳ ማየት ይቻላል። በደዶም ሆነ በሌሎች የጅማ ዞን ወረዳዎች፣ ገበሬው ዋንዛውን ቆርጦ በምትኩ ቡና መትከል እየቻለ ዛፉን የሚተወው፣ ጥላው ቡናውን ከፀሐይ ሐሩር ስለሚከላከል፣ የሚረግፈው ቅጠልም አፈሩን አልብሶ እርጥበቱን ስለሚይዝ ነው። ክፍት የሕዝብ ቦታም እንዲሁ፣ ቤት ባይሠራበትም በዙሪያው ያሉትን ቤቶች ሁሉ ያገለግላል፤ ሙቀት ያበርዳል፣ የዝናብ ውኃ ወደ መሬት ያሰርጋል፣ ልጆችንም ከመኪና መንገድ ያርቃል።

ታዲያ ለክፍት የሕዝብ ቦታ ማቀድ መቼ ይጀመር? መንደሩ በቤት ሳይሞላ በፊት ነው። በኢትዮጵያ የከተማ ፕላን መርህ ከከተማ መሬት 30 በመቶው ለመንገድ፣ 30 በመቶው ለአረንጓዴና ለጋራ መገልገያ፣ 40 በመቶው ለሕንፃ እንዲውል የሚጠበቀውም ለዚህ ነው። ጅማን አቋርጦ እንደሚያልፈው አዌቱ ያለ ወንዝ፣ ዳርቻው አንዴ በግንባታ ከተያዘ መልሶ ማስለቀቁ ለነዋሪውም ለአስተዳደሩም ከባድ ነው።

መሬቱን መከለል ብቻውን ግን አይበቃም፤ ከዛፍ ሥር መቀመጫ፣ የእግር መንገድ፣ የውኃ መፋሰሻ ቦይ፣ የማታ መብራትና ቋሚ ጠባቂ ያስፈልጉታል።

ስለዚህ፣ አድማጮች፣ በየቀበሌው የፕላን ውይይት ሲጠራ ተገኙ፤ ክፍት የሕዝብ ቦታው የት እንደሆነም ጠይቁ።